አልጋ ገፊዋ

ልብስ ሰፊዋ ሆዷን ተሰፍታ ስትወጣ የፈራችው ቁስሉን ሳይሆን መንገዱን ነበር። ጠዋት ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል ያስገባት ጎረምሳ አልጋውን በአንዴ እያስፈነጠረ፣ በየበሩ ላይ ድንገት እየገታ አንገላቷት ነበር። አሁን ግን ስፌት አለባት።

“እትዬ፣ እኔ ነኝ” አለ ከራስጌዋ አንድ ድምፅ።

ታናሽ እህቷ ናት። በዚህ ሆስፒታል አልጋ ስትገፋ ሸበተች። “ጎማ ላለው ነገር ደግሞ ምን ሙያ ያስፈልገዋል?” እያለች የምትቀልድባት ይህችው ታላቋ ነበረች።

“አደራሽን እንዳታንገጫግጪኝ።”

“አፍሽ ደህና ነው፤ እሱን አልነኩትም ማለት ነው!”

“አታስቂኝ፣ ያመኛል!”

አልጋው መቼ እንደተነሳ አልታወቃትም። የጣሪያው መብራቶች ወደ ኋላ መሄድ ሲጀምሩ ነው የገባት። መጀመሪያ ተራ በተራ፣ በዝግታ፤ ከዚያ ፈጠን ብለው፤ በኋላ ሁሉም በአንድ ፍጥነት ያልፉ ጀመር።

“እየገፋሽ ነው?”

“አሁንማ ምን ይገፋል፣ ራሱ እየሄደ! ከባድ ነገር እንደ እንግዳ ነው እትዬ። ለመግባት ይግደረደራል፤ ከገባ ደግሞ ውጣ ቢሉት አይሰማም።”

ታናሿ ይህን የተማረችው ከስህተቷ ነው። ሥራ ስትጀምር በባዶ አልጋ ተለማምዳ፣ ሰው የተኛበትንም እንደ ባዶው በሩ ጋ ስትደርስ ልታቆመው ሞከረች። አልጋው እምቢ ብሎ የአንድ ሽማግሌ እግር ከበሩ ጋር ተጋጨ። ከዚያ ወዲህ በሩ ገና ሩቅ ሳለ ነው መያዝ የምትጀምረው።

ኮሪደሩ ወደ መጨረሻው ቁልቁል ያዘነብላል። ታናሿ ገና ከወዲሁ ወደ ኋላ ዘመም ብላ አልጋውን በክብደቷ ያዘችው።

“ምን ያንቀረፍፍሻል? በርዶኛል፣ ቶሎ በይ እንጂ!”

“ይብረድሽ።”

ወዲያው ከጎን ካለው ክፍል አንዲት ነርስ የመድኃኒት ጋሪዋን እየጎተተች በጀርባዋ ወጣች። ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን ጨፍና፣ የአልጋውን ብረት ጨብጣ ሕመሙን ጠበቀች። ምንም አልመጣም። ዓይኗን ስትገልጥ አንዱ መብራት ከፊቷ በላይ ፀጥ ብሎ ቆሟል። ጋሪው በግርጌዋ በኩል እያለፈ ነው። ከራስጌዋ የታናሿ ትንፋሽ ብቻ ይሰማል።

በለመነችው ፍጥነት ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ገባት። ሆዷን በእጇ ደገፍ አደረገች።

“እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ እህቴ” አለች፤ “እንዳወቅሽ ውሰጂኝ።”

በዕድሜዋ ሙሉ ታናሿን እንዲህ ብላት አታውቅም።