ጉሮሮና የፊልሟ ሚስት

ጉሮሮማ ያቺን የፊልም ሚስት ይቅርታ ካላስባልኩ ብሎ አይደል ጉዱ የፈላው። እሱ እኮ ነው፣ ቪዲዮ ቤት ማይክ ይዞ የውጭ ፊልም እየተረጎመ የሚኖረው። ድምፄ ነው የሚያበላኝ እያለ ጥሬ እንቁላል ሲውጥ፣ አክታውን ጠረጴዛ ስር ባስቀመጣት ጣሳ ውስጥ እንትፍ ሲል ስለከረመ፣ ጉሮሮ ብለው ስም አወጡለት። ጣሳዋን የምትደፋው ሚስቱ ናት። በር ላይ ትኬት የምትቆርጠውም እሷው። ሆድ ይፍጀው።

ፊልሙ የባልና ሚስት ፉክክር ነው፣ የሚያስቅ። ባል የቤት ሥራ ምን ሥራ ነው ብሎ ይጎርራል፤ ሚስት በል ሞክረው ብላው ትወጣለች። ቤቱ በሳሙና አረፋ ይሞላና አጅሬው ውስጡ ይዋኛል። ስትመለስ ተንበርክኮ ይለምናታል።

ይቺ ለጉሮሮ አልተዋጠችለትም። ሰውየው ተንበርክኮ እያነባ፣ እሱ በወፍራም ድምፁ "ሁለተኛ ከቤት እንዳትወጪ" ይላል። ለሴትዮዋ ደግሞ ቀጭኗን ድምፅ ያወጣና "አጥፍቻለሁ ጌታዬ፣ ማረኝ።" እሷ እኮ ሆዷን ይዛ እየሳቀች ነው። ዓይኑን በጨው ያጠበ። ቋንቋውንም ቢሆን የት ያውቀዋል፣ ከምስሉ እየገመተ ነው።

ከተመልካቹ መሃል የሰፈሩ ፀጉር ሠሪ ብድግ አለች።

"አንተ፣ የተንበረከከው ማን ነው?"

"ትርጉሙ እንደዚያ ነው እህቴ። ቋንቋ ካወቅሽ ነይ ተርጉሚ።"

"ቋንቋውን ተወው፣ ጉልበቱን እያየሁት ነው።"

እሷ ወጣች፣ ፊልም ሊያዩ የመጡት ሴቶችም ተከተሏት። በሩ ላይ ቆመው፣ ካላስተካከለ ሁለተኛ አንረግጥም አሉ። ሴቶቹ ቀሩ ማለት ደግሞ ወንዶቹም ቀሩ፣ ቤቱ ተዘጋ ማለት ነው።

ይሄኔ ሚስቱ በሩን ትታ ገባች። ጉሮሮ ማይኩን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ ከመጋረጃው ጀርባ ተደብቋል።

"የሴቷን እኔ እላለሁ፣ አንተ የወንዱን ልመና በል" አለችው።

"ሞቼ ነው።"

"እንግዲያው ጣሳህን ይዘህ ከቤቴም ውጣ።"

ማይኩን አላጠፋውም። በሩ ላይ የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ታዲያ ሁሉን ለመንገዱ አደረሰ። ፀጉር ሠሪዋ እጇን አፏ ላይ ጭና ሰማች፦

"እባክሽ እሜትዬ፣ በሰው ፊት አታዋርጂኝ። ከዛሬ ጀምሮ ጣሳዋን ራሴ እደፋለሁ፣ አጥባታለሁም። እግርሽ ስር ነኝ፣ ይኸው።"

ሴቶቹ ይሄን ሰምተው እየተንጋጉ ተመለሱ፣ ወንበር ጠበበ። እሱ ግን፣ የሚያሳፍረው፣ ይሄን ሁሉ የለመናት በዚያችው በቀጭኗ ድምፅ ነበር።