የኮፈኑ መተንፈሻዎች

የበደለኝ ታላቅ ወንድሜ ነው። የበደለኝም የአባቴን ዓይን ሞራ በጋረደው ዓመት፣ የዘመን መለወጫችን ጊፋታ ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ሶዶ በነበረው በገዛ ግቢያችን፣ እናቴ ቆማ እያየች ነው። ስሙን አልጠራም። እዚህ ገሱባ የሚያውቀው ብዙ ሰው የለም፤ ሶዶ ያሉት ደግሞ ባልጠራውም ያውቁታል።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ የመኪና ኮፈን ነው። ባለፈው ሳምንት የወንድሜ ልጅ በአይሱዙ ጭኖ አምጥቶ ከቤቴ ግድግዳ ጋር አስደግፎልኝ ሄደ። ሶዶ መንገድ ሊሰፋ ስለሆነ የአባቱ ጋራዥ አጥር ይፈርሳል፤ ኮፈኑ ደግሞ ይህን ሁሉ ዘመን እዚያ በር ላይ ተሰቅሎ ነው የኖረው። እዚያ ተደግፎ ሳለ ጠዋት ፀሐይ ስታርፍበት ይሸት ነበር። የሞቀ ብረት፣ አሮጌ ቀለም፣ የተቃጠለ ዘይት፣ ከሁሉም ሥር ደግሞ የደረቀ እንሰት። እንሰቱን ብናገር ማንም አያምነኝም። እኔ ግን ወንበሬን አውጥቼ አጠገቡ እቀመጥ ነበር።

መኪናዋ የግሪኩ ነበረች። ግሪኩ አባያ ሐይቅ ዳር የጥጥ እርሻ ነበረው፤ ወንድሜ ሹፌሩም መካኒኩም ነበር። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያ የሌላት፣ በወጣትነቷ በሰው አገር ለውድድር የተሠራች፣ እኛ ዘንድ ስትደርስ ግን ያረጀች ስፖርት መኪና ናት። አረንጓዴ፣ አፍንጫዋ ረጅም፣ ሆዷ መሬት የሚነካ የሚመስል። የሰፈሩ ሰው "አዞዋ" ይላት ነበር። ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ፣ የእርሻ ባለቤቶቹ መኪኖቻቸውን ከሐይቁ ዳር አስነስተው ሶዶ ድረስ ይሽቀዳደማሉ። ሜዳው ላይ አዞዋን የሚደርስባት አልነበረም። ሁምቦን አልፋ ዳገቱን ስትጀምር ግን ትፈላለች። ወንድሜ ከበደለኝ ዓመት በፊት በነበረው ዓመት ግሪኩ መንገድ ዳር ቆሞ በእንፋሎት ውስጥ ሲሳደብ፣ ሙዝ የጫነ የጭነት መኪና ሳይቀር አልፎታል።

በተከታዩ ዓመት መኪናዋን እኛ ግቢ አስገባና ለወንድሜ እንዲህ አለው፤ "እኔ ሌላ ነገር አልፈልግም። ዳገት ትውጣ። ዳገት የሚያስወጣት ሰው፣ በውድድር ቀን እኔ አጠገብ ይቀመጣል።"

ይህን ሲል እኔ ጎተራው ጥግ ቆሜ ነበር። ያንን ወንበር ፈለግኩት። ቀይ ቆዳ ነበር፣ ጠርዙ ላይ ተሰንጥቆ ጥጡ የወጣ። በሕይወቴ ሌላም ብዙ ነገር ፈልጌያለሁ፤ እንደዚያ የፈለግኩት ግን የለም።

ቆርቆሮ መቁረጥ የአባቴ ሙያ ነበር። መንገድ ሥራ ላይ ሳለ ነው የተማረው። አሸንዳ፣ በርሜል፣ የምድጃ ቧንቧ ይሠራል። ዓይኑ ሲደክም መቀሱ ወደ እኔ እጅ መጣ፤ እኔ እቆርጣለሁ፣ እሱ ጠርዙን በጣቱ እየዳበሰ "እዚህ ጋ ተንጋዷል" ይለኛል። ደንበኛ ሲመጣ ግን መቀሱን አስቀምጬ ወደ ጓዳ እገባለሁ። በዚያን ጊዜ አገራችን ላይ ብረት የሚነካ ሰው ይናቃል፤ ወንዱንም አያስጠጉት፣ ሴት ስትሆን ደግሞ አይጣል ነው። እናቴ ጠዋት ጠዋት እጄን ቅቤ እያሸችኝ፣ "ይሄ መዳፍ የሙሽራ መዳፍ ነው?" ትለኝ ነበር። ጎረቤቶቻችን ውኃ ስቀዳ "የቀጥቃጭ ሙሽራ መጣች" ይባባሉ ነበር። አንደኛዋ ኋላ ለልጇ ሠርግ የተዋሰችውን ድስት ቀዳዳ እኔው ነኝ የደፈንኩላት።

ወንድሜ መጀመሪያ ያደረገው ማንም የሚያደርገውን ነው። ንፋስ ይግባላት ብሎ ኮፈኑን ከራዲያተሩ በስተኋላ ቀደደና ወደ ፊት የሚያይ ትልቅ አፍ ገጠመበት። ሰፈሩ ተሰብስቦ አየ። "አዞዋ ሁለተኛ አፍ አወጣች" ተባለ። ቆላ አውርዶ ሲመልሳት ዳገቱ ሥር ሳትደርስ ፈላች፤ በበሬ ተጎትታ መጣች። ሰው ሁሉ ሳቀ።

እኔ አልሳቅኩም። "ንፋስ ሞልቷታል፤ ያጣችው መውጫ ነው" አልኩት። ይህን ለማወቅ ሌላ ትምህርት አላስፈለገኝም። ወጥ ቤታችን በሩ ወደ ንፋስ ነበር፤ ንፋስ በገባ ቁጥር ጭሱ ጣሪያው ሥር ታፍኖ ወደ እናቴ ፊት ይመለሳል።

"መኪና ወጥ ቤት ናት እንዴ?" አለኝ።

"ሞክረኝ።"

"ነይ፣ ሚቼ" አለኝ። በቋንቋችን እህቴ ማለት ነው። ሲያስፈልገው ነበር እንዲህ የሚጠራኝ፤ ያም ሆኖ ሲጠራኝ ደስ ይለኝ ነበር። አሁንም አልክደውም።

የንፋሱን መንገድ እንዲያሳየኝ የእንሰት ቃጫ እንደ ክር ሰነጣጥቄ ኮፈኑ ላይ በቁልቋል ወተት ለጠፍኩ፤ ከአፍንጫዋ እስከ መስታወቱ። በማግስቱ ገና ፀሐይ ስትወጣ፣ ግሪኩ ሳያውቅ፣ ይዞኝ ወጣ። ያወቀበት እንደሆነ ከሥራ ይባረራል። እኔ በዚያ ቀይ ወንበር ላይ፣ ነጠላዬን አገጬ ሥር አስሬ። ዳሞታ ተራራ ከኋላችን ጉሙን ገና አልገፈፈም። ከሁምቦ በታች ሜዳው ላይ ስንደርስ ነዳጁን ረገጠው። የቆላው አየር ፊቴን መታኝ፤ አቧራ፣ የተቆረጠ ሣር፣ የበሰለ ሙዝ ይሸታል። ጉልበቴ ላይ የሞተሩ ሙቀት ይሰማኛል።

"መንገዱን ምን ታያለሽ? መንገዱ የኔ ነው፣ አንቺ ኮፈኑን እዪ!" ይላል እየሳቀ።

አየሁ። መስታወቱ ሥር ያሉት ቃጫዎች ተጣብቀው ተኝተዋል፤ ንፋስ ይጫናቸዋል። ከአፍንጫዋ ትንሽ አለፍ ብሎ፣ ኮፈኑ ጎበጥ በሚልበት ቦታ ያሉት ግን ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ አንዳች ነገር ከላይ እንደሚጎትታቸው። ብርሃኑ ከጎን ሲመታቸው እንደ ወርቅ ክር ያበራሉ። "እዚህ ጋ!" ብዬ ጮህኩ። "እዚህ ጋ ነው መውጣት የሚፈልገው!" ወንድሜ ኮፈኑን ሳይሆን እኔን ነበር የሚያየው። ያን ጊዜ ፊቱ ላይ የነበረውን ኩራት በኋላ ከማንም ፊት ላይ አላገኘሁትም፤ ከባሌም ከልጆቼም።

ያን ጠዋት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ አላወራም ነበር።

ወንድሜ የገጠመውን አፍ ነቅዬ ቀዳዳውን በላሜራ ደፈንኩት። ቃጫዎቹ የቆሙበት ቦታ ላይ መተንፈሻዎቹን ቆረጥኩ፤ ቀጫጭን፣ እንደ ዓሣ ስንጥብ፣ ወደ መስታወቱ የሚያዩ፣ ንፋሱ ከላያቸው ሲያልፍ ሙቀቱን ስቦ እንዲያወጣ። ጠርዛቸውን ስጠቀልል ብረቱ እንዳይንኳኳ ውስጡ የቃጫ ገመድ ከተትኩ። ይህን የነገረኝ የለም፤ ከእጄ የመጣ ነው። አባቴ ጣቱን አንድ በአንድ ሰደደባቸው። "ተንጋዷል" ካላለ ወዶታል ማለት ነው።

አዞዋ ዳገቱን ሁለት ጊዜ ወጣች፤ ጠብታ እንፋሎት አልታየባትም። ፍጥነት ስትጨምር በመተንፈሻዎቹ በኩል ታፏጫለች፤ ሩቅ ቦታ ቀርከሃ እንደሚነፋ ሰው።

ግሪኩ መጣ። ኮፈኑን ዳሰሰ፣ ጎንበስ ብሎ በስንጥቆቹ ውስጥ አየ፣ ቀና አለ። "ማነው የሠራው?"

መቀሱ እጄ ላይ ነበር። በዚያ ቀን ወደ ጓዳ አልገባሁም፤ ሆን ብዬ ነው ያልገባሁት። አባቴ በርጩማው ላይ ፊቱን ወደ መሬት አደረገ። እናቴ በዓይኗ "ግቢ" አለችኝ።

ወንድሜ፣ "እኔ ነኝ፣ ጌታዬ" አለ።

ግሪኩ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። "እሑድ ከኔ ጋ።"

ግሪኩ ሲሄድ ወንድሜን ተከትዬ ጎተራው ጋ ያዝኩት። ይህን ንግግር ቃል በቃል ነው የማስታውሰው።

"ላንቺ ብዬ ነው" አለኝ። "ብረት ቆራጭ ናት ከተባልሽ ማን ያገባሻል?"

"ባል አምጣልኝ ብዬሃለሁ?"

"ታዲያ ምን ነበር የፈለግሽው?"

"ወንበሩን።"

እጁን ወደ ትከሻዬ ሲሰድ ሸሸሁ። "ሚቼ" አለኝ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ስም አልጠራኝም፤ እንዲጠራኝም ዕድል አልሰጠሁትም።

እሑድ ሰዉ ሁሉ መንገድ ዳር ወጣ። እኔም ወጣሁ፣ ከሰው ኋላ። ከማየቴ በፊት ፉጨቱን ሰማሁ፤ ከታች ከዳገቱ፣ ቀጭን ሆኖ ጀምሮ እየቀረበ፣ እየጎላ። ከሌሎቹ ሁሉ ቀድማ መጣች። ወንድሜ በቀይ ወንበሬ ላይ ተቀምጦ እጁን ለሰዉ ያወዛውዛል። ሴቶቹ እልል አሉ። እናቴም እልል አለች፤ ሰምቻታለሁ። አቧራው እስኪያርፍ ቆሜ ቆየሁ።

ግሪኩ በአብዮቱ ጊዜ አገሩ ገባ፣ መኪናዋም ተወረሰች። ኮፈኑ ለቀለም ወርዶ ስለነበር ወንድሜ ጋ ቀረ። ጋራዥ ሲከፍት በሩ ላይ ሰቀለው። ለጠየቀው ሁሉ የኔ ሥራ ነው ይላል ብለው ነግረውኛል። ከገሱባ ሶዶ በሄድኩ ቁጥር አውቶቡሱ በዚያ በር ያልፋል፤ እኔ ደግሞ ሁልጊዜ በዚያኛው በኩል ያለውን ወንበር እመርጥ ነበር። እንዳላየው ይመስለኝ ነበር። ፊቴን አዙሬ ግን ንፋስ ካለ ጆሮዬን እጥል ነበር፤ ያፏጭ እንደሆነ ብዬ።

ልጁ ባለፈው ሳምንት ኮፈኑን ሲያወርድ ጠየቅኩት።

"አባትህ ምን አለ?"

"ምንም አላለም፣ አክስቴ። ለእሷ አድርስላት አለኝ፣ በቃ።" ገመዱን እየፈታ፣ "ኧረ አንድ ነገር ብሏል" አለ። "መተንፈሻዎቹን በጠርዛቸው እንዳትይዝ፣ ውስጣቸው ቃጫ አለ፣ ይበጠሳል አለኝ። ምን ቃጫ ነው? እኔ አልታየኝም።"

ቡና ጠጣ ብዬው ቸኩያለሁ ብሎ ሄደ።

በአባቴ መቀስ ገሱባ ውስጥ ስንት ጣሪያ እንደቆረጥኩ ሁሉም ያውቃል፤ ባልም አግብቼ፣ ልጆችም ወልጄ፣ አሸንዳም ሠርቼ አርጅቻለሁ። ትናንት ጎረቤቴን ጣሪያ ላይ አወጣሁና ኮፈኑን ወጥ ቤቴ ላይ አስገጠምኩት፤ መተንፈሻዎቹ ለንፋሱ ጀርባቸውን ሰጥተው። ጭሱ በደንብ ይወጣል። ከሰዓት በኋላ ንፋስ ሲነሳ ትንሽ ያፏጫል።

ለወንድሜ አልደወልኩም።