የእማዬ ገመድ ፕላኑ ላይ ገባ

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 12። ስብሰባ ላይ ተናግሬ አላውቅም ነበር፤ ዛሬ ግን ተናገርኩ።

ሰፈራችን ቀራንዮ፣ በእኛ የቀበሌ ቤቶች ቦታ የሚሠራልንን ፎቅ ፕላን አንዲት አርክቴክት ስብሰባ ላይ አሳየችን።

እማዬ የሰው ልብስ እያጠበች ነው ያሳደገችኝ። ፕላኑ ላይ ግን ልብስ ማስጫ የለም። ማስጫ ከሌለ ሥራዋ ቀረ ማለት ነው።

ተነሣሁ። «ልብስ የት ነው የምናሰጣው? ከጣሪያ የሚወርደው ዝናብስ ለምን ዝም ብሎ ይፈሳል? እኛ በበርሜል ይዘን እናጥብበታለን።»

ጎረቤታችን እትዬ ዘነቡ፣ «ውይ! ይቺ ልጅ አፍ አላት እንዴ?» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ።

አርክቴክቷ አልሳቀችም። እርሳስ አውጥታ ፕላኑ ላይ ማስጫና የውሃ ሮቶ ሣለች። «ገመዱ ስንት ሜትር ይሁን?» አለችኝ። «ለክቼ እመጣለሁ» አልኳት። እማዬ እጄን ጭብጥ አደረገችኝ።

እናንተስ መጀመሪያ ሰው ፊት የተናገራችሁት ምን ነበር?

እኔ ነገ የእማዬን ገመድ እለካለሁ።