የተራራዋ እመቤት የቆጠረችው ሰው

ቶኩጂ ሠላሳ ስድስት ዓመት የመንደራችንን መንገድ ከበረዶ ሲጠርግ የኖረ ሰው ነው። ማለዳ ሩዝ ስጥድ የመጥረጊያ መኪናው ድምፅ በደጄ ያልፋል። ቤቴ የመንደሩ መጨረሻ ስለሆነ መኪናውን የሚያዞረው እኔ ደጅ ነው። ሦስት ጊዜ ወደፊትና ወደኋላ ይልና ይዞራል፤ አራተኛ ብሎ አያውቅም። አጥሬንም አንድ ቀን እንኳ ነክቶብኝ አያውቅም።

ባሌ ኤይሳኩ የጣሪያችንን በረዶ ሲያወርድ ተንሸራቶ በወደቀ ጊዜ ከሥር ቆፍሮ ያወጣልኝ እሱ ነው። ሚስቱ ፉሚኖም ጓንት ሳታደርግ በባዶ እጇ ስትዝቅ ነበር። ኤይሳኩን ስናገኘው ባርኔጣው ከራሱ ላይ አልወለቀም ነበር፤ ትንፋሹ ግን አልነበረም። ፉሚኖ ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ብቻ ትላለች፤ «አባባ ጡረታ ከወጣ ወዲያ እዚህ ጣሪያ ሥር አንድ ክረምት አልከርምም። ሌላ ሰው ከበረዶ ሥር ሲወጣ ማየት አልችልም።» ልጆቻቸው አድገው ከወጡም በኋላ ባሏን አባባ ማለቷን አልተወችም።

እሱ መሄድ አይፈልግም። ጉልበቱ ግን ደክሟል፤ ባለፈው ክረምት ከመሰላሉ ላይ ሁለት ጊዜ ሲንሸራተት በመስኮቴ አይቼዋለሁ። ለፉሚኖ አልነገርኳትም።

ጡረታ የወጣበት ዓመት መጨረሻ ላይ ፉሚኖ ጊዜው ካለፈ የቀን መቁጠሪያ ጀርባ ላይ የክረምት ማሳለፊያ ቦታዎችን ጽፋ ወደ እኔ ቤት ይዛው መጣች። አንደኛው ሺዝኦካ፣ ልጃቸው ቺካ ያለችበት። ሁለተኛው ካጎሺማ፣ ፍል ውኃ ያለበት። ሦስተኛው ኦኪናዋ። ሦስታችን ከሥሩ ማሞቂያ ያለው፣ ብርድ ልብስ የለበሰ ጠረጴዛ ሥር እግራችንን ከተን ተቀመጥን።

«ኦኪናዋ ደግሞ ምን አለ?» አለ ቶኩጂ።

«ሙቀት አለ።»

«ሙቀት ይበላል?»

«በረዶ ይበላል እንዴ?»

«በረዶማ ሠላሳ ስድስት ዓመት አብልቶሻል።»

ፉሚኖ እርሳሷን በጠረጴዛው ላይ መታ መታ አደረገች። «እሺ ቺካ ጋ። ሁለት ክፍል ባዶ ነው። ከበረንዳው ሳትወርድ መንደሪን ትለቅማለህ።»

«የበረዶ ጠራጊ በረዶ የሌለበት አገር ሄዶ ምን ሊጠርግ ነው?»

«አፍህን ትጠርጋለህ!»

እኔ ሳቄን ለመደበቅ ሻይ ልቀዳ ተነሳሁ። ስመለስ ቶኩጂ ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር። «አንድ የክረምት መጨረሻ ብቻ ስጪኝ። የጠጠረውን በረዶ ልጥገበውና እወስናለሁ» አላት። ፉሚኖም «በረዶው ሳይቀልጥ መልስህን እፈልጋለሁ» ብላ ተስማማች።

የክረምቱ መጨረሻ ለቶኩጂ ምን እንደሆነ እናውቃለን። ያን ጊዜ ፀሐይ ቀን ቀን በረዶውን ታላላዋለች፣ ብርዱ መልሶ ያጠጥረዋል። ቁጥቋጦውም ገደሉም ተሸፍኖ መንገድ የሌለበት ሁሉ መንገድ ይሆናል። ቶኩጂ ታዲያ አባቱ የሠራለትን የበረዶ መንሸራተቻ ትከሻው ላይ አድርጎ ይወጣል። አባቱ ከሰል አክሳይ ነበር፤ መንሸራተቻዎቹን የጠረባቸው እዚያው ተራራ ላይ ከበቀለ ጠንካራ እንጨት ነው። ጫፋቸውን በእንፋሎት አጉብጦታል። የግራው ላይ እንደ ዓይን ያለ ክብ ጉጥ አለ። ሽቅብ ሲሄድ ወደኋላ እንዳይንሸራተት ከሥራቸው ፀጉራም ቆዳ ያስራል፤ ጫፍ ሲደርስ ቆዳውን ፈትቶ ቁልቁል ይለቀዋል። በስድሳ ዓመቱ ቁልቁል ሲወርድ ያየው ሰው ዕድሜውን አያምንም።

ተራራው የእመቤት ነው፤ በዓይን የማትታይ መንፈስ ናት። በአሮጌው አቆጣጠር በሁለተኛው ወር በአሥራ ሁለተኛው ቀን ዛፎቿን ትቆጥራለች። ያን ቀን ማንም ወደ ተራራው አይወጣም፤ የወጣ ሰው ከዛፍ ጋር ይቆጠራል። የተቆጠረ ደግሞ የእሷ ነው። ዱሮ ቀኑን ጨረቃ አይተው የሚያስታውቁን እንደ ቶኩጂ አባት ያሉ ሽማግሌዎች ነበሩ። እነሱ ካለፉ በኋላ የመንደሩ ሹሞች ለበዓሉ እንዲመች ብለው በአዲሱ አቆጣጠር ወደ ሦስተኛው ወር አሥራ ሁለት አዛወሩት። ሁላችንም ተቀበልን። ያን ዕለት የሩዝ ቂጣ ጋግረን፣ የሩዝ ጠላ ቀድተን፣ ቤታችን እንውላለን። ቶኩጂም በዚያ ዓመት እንደ ደንቡ ቤቱ ዋለ። ቂጣውን በላ። ከዘጠኝ ቀን በኋላ፣ ጥርት ባለ ጠዋት፣ ደጄ መጣ።

«ያሱኖ እህቴ፣ ለዘጠኝ ሰዓት ሻይ እመለሳለሁ» አለኝ። ሁለት የሩዝ ድብልብል በጨው ከታሸ ፍሬ ጋር ጠቅልዬ ሰጠሁት።

ዘጠኝ ሰዓት አለፈ። አሥር አለፈ። ሊመሽ ሲል ከዝግባዎቹ መሀል ብቅ አለ፤ ግን እየተንሸራተተ አይደለም። መንሸራተቻዎቹን ተሸክሞ በእግሩ እየመጣ ነበር። ጫማውን ሲፈታ ጣቶቹ አልታዘዝ አሉት፤ እኔ ፈታሁለት። ሻይ ቀዳሁ። አልነካውም።

«ጨረቃዋን አይተሻታል?» አለኝ።

በመስኮት አየሁ። በምሥራቅ በኩል ከጋራው ጫፍ ላይ፣ ገና በብርሃን፣ ሙሉ ለመሆን ትንሽ የቀራት ነጭ ጨረቃ ነበረች። በአሮጌው አቆጣጠር የጨረቃዋን ዕድሜ በጣቴ ቆጠርኩ። እጄ አሥራ ሁለት ላይ ቆመ።

«ላይ፣ ትልቁ ዛፍ ሥር ሩዜን ስበላ ነው ያየኋት» አለ። «ያን ጊዜ ገባኝ። ልነሳ ስል ሰማሁ። ቷ። ዝም ይላል። ቷ። ግንደ ቆርቁር መሰለኝ። ግንደ ቆርቁር ግን ቶሎ ቶሎ ነው የሚመታው። ይሄኛው አንዱን ዛፍ መትቶ፣ ሰው የሚራመድበትን ያህል ቆይቶ፣ ቀጣዩን ይመታል። ከታች ጀምሮ ወደ እኔ ይመጣል። አንዱንም አይዘልም።»

«ነፋስ ይሆናል» አልኩት። ነፋስ እንዳልነበረ አውቃለሁ፤ ጠዋት ያሰጣሁት ልብስ ቀኑን ሙሉ አልተወዛወዘም።

«ሰው ነኝ ብዬ ልጮህ አሰብኩ። ምላሴ እንቢ አለኝ። ትልቁን ዛፍ መታ። ከዚያ ጀርባዬን።» እጁን ወደ ትከሻው መለሰ። «በዱላ ጫፍ፣ ቀስ አድርጎ። አላሳመመኝም። ከዚያም ቀጣዩን ዛፍ። ድምፁ ሲርቅ ዘወር አልኩ። በረዶው ላይ የእኔ ዱካ ብቻ ነበር።»

ካፖርቱን አውልቆ ሰጠኝና ምድጃው አጠገብ ሰቀልኩለት። ጀርባው ላይ፣ በሁለቱ ትከሻዎች መሀል፣ የሻይ ስኒ አፍ የሚያህል ክብ ውርጭ ነበር። ሌላው በረዶ ቀልጦ ወለሉ ላይ ተንጠባጠበ። ክቡ ውርጭ ግን ሁለት ጀበና ሻይ እስኪፈላ ድረስ እንዳለ ነበር።

በመሀል ፉሚኖ እያለከለከች ገባች። «አንተ ሰውዬ! እኔ በበረዶ ሥር ነህ እያልኩ አንተ እዚህ ሻይ ትጠጣለህ?» ፊቱን ስታይ ግን አጠገቡ ቁጭ አለች። ነገራት። ካፖርቱንም አየች። በጣቷ ልትነካው ዘረጋችና መልሳ ሰበሰበችው።

ከዚያ በኋላ ቶኩጂ የሚለው አንድ ነበር፤ አልሄድም። እኛ ልጆች ሳለን የሰማነው ነገር አለ። ተቆጥሮ ሳለ ወደ ከተማ ሥራ ፍለጋ የሄደ አንድ ከሰል አክሳይ ነበር። በዓመቱ እመቤቲቱ ስትቆጥር አንድ ጎደለባት። የጎደለውን የሞላችው በታናሽ ወንድሙ ነው፤ የበረዶ ናዳ ወሰደው። እናቴ ይህን ስታወራ የልጁን ስም ሳይቀር ትጠራው ነበር።

«እኔ ሺዝኦካ ሄጄ መንደሪን ስለቅም ማንን ትወስዳለች? ያሱኖ ናት ለተራራው የምትቀርበው» አለ።

እኔ ስኒዬን አየሁ።

ፉሚኖ እንባዋ መጣ፤ ቁጣዋ ግን ቀደመ። «አርባ ዓመት አብሬህ ኖሬ፣ ሌላዋ አንድ ቀን በዱላ ነክታህ የእሷ ሆንክ? ቆይ፣ ለኤይሳኩ ያልራራ ክረምት ለአንተ ሊራራ ነው? ከመሰላሉ ስትንሸራተት ያላየሁህ መሰለህ?»

እሷም አይታለች። ሁለታችንም አይተን ለየብቻ ዝም ብለን ነበር።

ሁለት ቀን ሳይነጋገሩ ቆዩ። በሦስተኛው ቀን ጨው ልበደር ቤታቸው ስገባ ፉሚኖ መግቢያው ላይ ቆማ፣ ግድግዳው ላይ የተደገፉትን መንሸራተቻዎች ታያለች። ቶኩጂ ውስጥ ተቀምጧል።

«አባባ፣ ይሄ እንጨት የት ነው የበቀለው?»

«ታውቂው የለ። ትልቁ ዛፍ አጠገብ። ጉቶው ዛሬም አለ።»

«የእሷ ዛፍ ነበራ።»

ፉሚኖ የግራውን ጉጥ በጣቷ ነካች።

«አባትህ ከእሷ የወሰደው ነው። መልስላት። በአንተ ቦታ አቁምላት፣ እነሱን ትቁጠር።»

ቶኩጂ ቀና ሳይል «እግሬን ቁረጪው ብትዪኝ ይሻላል» አለ።

«እግርህንማ እኔ እፈልገዋለሁ» አለች። ድምፅዋ ተሰበረ። ጨዉን ሳልጠይቅ ወጣሁ።

በማግስቱ መጣ። መንሸራተቻዎቹን ሰም ቀብቷቸው፣ ጠፍሮቹን በአዲስ ክር ሰፍቷቸው፣ ሩቅ መንገድ እንደሚሄድ ሰው አሰናድቷቸው ነበር። እስከ ዝግባዎቹ ድረስ ሸኘሁት። ሽቅብ ሲወጣ የቆዳው ድምፅ ሽው ሽው ይል ነበር፤ እስኪጠፋ ቆሜ ሰማሁት።

ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በረዶውን አላልታው ነበር። ሲመለስ በየእርምጃው እስከ ጭኑ እየሰመጠ ነው። በስድሳ ዓመቱ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ያን ተራራ ያለ መንሸራተቻዎቹ ወረደ። ደጄ ሲደርስ ሱሪው በውርጭ ደርቆ ጣውላ ሆኖ ነበር።

«አቆምኳቸው» አለኝ። ሻይም አልፈለገም።

ሆኖም ልቡ አልረጋም። በረዶው ሲቀልጥ ይወድቃሉ፣ የወደቀ እንጨት አይቆጠርም፣ ይላል። ሄዶ ለማየት ደግሞ አልደፈረም። ፉሚኖም ሻንጣ ማዘጋጀት ጀምራ ታቆማለች፣ ትጀምራለች፣ ታቆማለች።

በአምስተኛው ወር የዱር ቅጠል ለመልቀም ወጣሁ። ብዙውን ጊዜ ከታችኛው ምንጭ አላልፍም። ያን ቀን ግን አለፍኩ። ትልቁ ዛፍ ጋ ስደርስ በረዶው ሁሉ ቀልጦ አልቆ ነበር፤ መሬቱ የአምናውን ቅጠል ለብሶ እርጥብ ብሏል።

መንሸራተቻዎቹ ቆመዋል።

ተቀብረው ይሆናል ብዬ ጎንበስ አልኩ። አልተቀበሩም። ድንጋይ አልደገፋቸውም፣ ቅርንጫፍ አልያዛቸውም። ታችኛው ጫፋቸው ቅጠሉ ላይ ብቻ አርፏል፤ ቅጠሉን እንኳ አልወጋውም። ሁለቱ ጎን ለጎን፣ አንድ ክንድ ተራርቀው፣ ከሌሎቹ ዛፎች ጋር ቀጥ ብለው ቆመዋል። የግራው ጉጥ ወደ እኔ ዞሯል። ወፍ አልነበረም። ራሴን ዝቅ አድርጌ እጅ ነሳሁ፣ ዘንቢሌን ባዶውን ይዤ ወረድኩ። ዘወር ብዬ አላየሁም።

ያን ዕለት ማታ ልነግረው ነበር፤ ቃሉ ከአፌ አልወጣም። ነገሩ እንዲህ ብሎ የሚነገር አልሆነልኝም። መኸሩ አለቀ፣ ጎመኑ ለክረምት በጨው ተጨመቀ፣ ጣሪያ የሚያነጣው የመጀመሪያ ውርጭ ወረደ። ቺካ መኪና ይዛ ከሺዝኦካ መጣች። ሻንጣዎቹ ደጅ ተደርድረው ሳለ ቶኩጂ መኪናው ውስጥ አልገባም። ወደ እኔ ቤት መጣና በራፍ ላይ ቆመ።

«ያሱኖ እህቴ፣ አንቺ ቅጠል ትለቅሚያለሽ። አይተሻል።»

«አይቻለሁ።»

«ወድቀዋል?»

«አልወደቁም። ቆመዋል።»

«ምን ላይ?»

«ምንም ላይ።»

ተራራውን ቀና ብሎ አየው። ከዚያ ባርኔጣውን አውልቆ ዝቅ ብሎ እጅ ነሳ፤ ለእኔ ይሁን ለተራራው አላውቅም። ሄደና ከኋላ ወንበር ተቀመጠ። ፉሚኖ በመስኮቱ እጇን አውጥታ መኪናው እስኪታጠፍ አላስገባችም።

አሁን ሦስተኛ ክረምታቸው ነው። ቶኩጂ መንደሪን ይለቅማል፤ ጉልበቱ ተሽሎታል፣ በሳጥን ይልክልኛል። እኔ ደግሞ እንደ ዱሮ ሽማግሌዎች ጨረቃን እቆጥራለሁ። በአሥራ ሁለተኛዋ ቀን ከሰዓት በኋላ መጋረጃዬን ዘግቼ እቀመጣለሁ። ከዚያ ርቀት ምንም አይሰማም ይሉኛል። ይሁን። ቷ ይላል፣ ዝም ይላል፣ ቷ ይላል። ለረጅም ጊዜ እንዲህ ይቀጥላል። ከዚያ በአንድ ቦታ ላይ ሁለት ድምፅ ተከታትሎ ይመጣል፤ ከሌሎቹ ይልቅ ቀጭንና ደረቅ ነው። ካለፈ በኋላ ስልኩን አነሳለሁ።

«ተቆጠሩ» እለዋለሁ።

ቶኩጂ ትንፋሹን ሲለቅ ይሰማኛል። ከዚያ ሁልጊዜ የሚጠይቀኝን ይጠይቃል።

«ጣሪያሽን ማን ጠረገልሽ?»

«ሰው ቀጥሬያለሁ» እለዋለሁ።

«ውሸትሽን ነው» ይለኛል። «መሰላሉን ደብቀንብሽ መሄድ ነበረብን።»