ሞተሩ ተልባ የጠጣ ዕለት

ዛሬ ጠዋት አንድ ሞተር ውሃ እንዲያፈስ ጸለይኩ።

ሞተሩ የጎረቤቴ የእትዬ ጥሩነሽ ነው። ባላቸው ሲሞቱ የቀረችላቸው አንዲት አሮጌ የጭነት መኪና ናት። የደብረ ማርቆስ ውርጭ ውስጧ የቀረውን ውሃ በረዶ አድርጎ ሞተሯን ሰነጠቀው።

ፈንታ የሚባለው መካኒክ አንድ ሳህን የተፈጨ ተልባ ከውሃው ጋር ራዲያተሩ ውስጥ ጨመረበት። «ሲሞቅ ስንጥቁን ይደፍነዋል» አለ። እውነትም ደፈነው።

«የጾሜን ተልባ መኪና ጠጣችው» አሉ እትዬ እየሳቁ።

ሳቃቸው ሳያልቅ አንድ የጣሊያን ሹም ከአስተርጓሚው ጋር ደረሰ። ጣሊያን ከገባ ወዲህ የምትሠራ መኪና ሁሉ ለጦሩ ትወሰዳለች።

«የእኔዋ ተሰንጥቃለች፤ ታፈሳለች» አሉ እትዬ።

ሹሙ ጎንበስ ብሎ ስንጥቁን በጣቱ ዳሰሰ። ደረቅ ነው። (የጸለይኩት ያኔ ነው።)

«ፈንታ፣ ምን አድርገህብኝ ነው?» አሉ በሹክሹክታ።

«ይቅር ይበሉኝ እትዬ፣ ደህና አድርጌ ሠርቼዋለሁ።»

ሹሙ ሞተሩን አስነስቶ ደጋግሞ አስጮኸው። ከዚያ ውሃውን ለማየት የራዲያተሩን ክዳን ራሱ ከፈተ። የፈላው ተልባ እየተዝለገለገ ወጥቶ ጫማውን አለበሰው።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለ አስተርጓሚው።

«ተልባ ነው። መኪናዋ ጾመኛ ናት» አለ ፈንታ።

አስተርጓሚው ምን ብሎ እንደተረጎመ አላውቅም። ሹሙ ጫማውን በሣር እየጠረገ መኪናዋን ትቷት ሄደ።

እትዬ ጥሩነሽ አሁን ሌላ ተልባ እየፈጩ ነው። እናንተስ፣ እንዳይሠራ የጸለያችሁበት ነገር አለ? ብቻዬን እንዳልሆን ጻፉልኝ።