አስራ አንድ ቁጥር

ሙሄን ስለ ጊታር ክር አትጠይቁት። የጠየቀው ሰው የጀሞ ታክሲ ሦስት ጊዜ ሞልቶ ሲሄድ ቆሞ ያየዋል እንጂ በቀላሉ አይለቀቅም። ላፍቶ ላይ ድምፅ ማጉያና ቴሌቪዥን የሚጠግንባት ሱቅ አለችው፤ ሁለት ሰው እኩል ቢያዛጋ የምትጣበብ ሱቅ ናት። ቅዳሜ ከሰዓት ግን ጥገናው ይቀርና ጊታር ያለው ሁሉ እዚያች ሱቅ ውስጥ ይታጨቃል። አንዱ ሳጥን ላይ፣ አንዱ የተበላሸ ቴሌቪዥን ላይ ይቀመጥና ጨዋታው ይጀመራል።

ጨዋታው ሁልጊዜ ስለ ክር ነው። ለማያውቅ ሰው ነገሩ ቀላል ነው። የኤሌክትሪክ ጊታር ክር በቁጥር ይሸጣል፤ ቁጥሩ የመጨረሻዋን ቀጭን ክር ውፍረት ይናገራል። ዘጠኝ ቁጥር ቀጭን ነው፣ ለጣት ይለዝባል። አስር መሃል ሰፋሪ ነው። አስራ አንድ ወፍራም ነው፤ ድምፁ ይሞላል፣ ጣት ግን ይልጣል። በቃ፣ ይኸው ነው። በዚህች በማትታይ ልዩነት ግን እነዚህ ሰዎች ተኳርፈው ያውቃሉ።

ሙሄ የአስራ አንድ ሰው ነው። ሃምሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ በወጣትነቱ ከሰርግ ሰርግ እየዞረ ሲጫወት አስራ አንድ ቁጥር ክር እንደ ሊጥ ነበር የሚያሸው። «ባቲን በዘጠኝ መጫወት ሽሮን ያለ በርበሬ መብላት ነው» ይላል። ባንክ ቤት የሚሠራው ለታ ዘጠኝ ስለሚጠቀም መከራውን ያያል። «አንተ ልጅ፣ እሱ እኮ ጊታር ላይ የሚገባ ክር አይደለም። ቁልፍ ትከልበት» ይለዋል። ሁሉም ይስቃል፤ ለታም አብሮ ይስቃል። ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራው ሀና ግን ቃሉን አምና ወደ አስራ አንድ ተሻገረች። አንድ ወር ሙሉ የጣቶቿ ጫፍ ተልጦ መድኃኒት ስትቆጥር ያማት ነበር። ሙሄ «አይዞሽ፣ ይጠነክራል» እያለ አበረታታት።

አሁን ጉዱን ልንገራችሁ። ሙሄ ራሱ በዘጠኝ ነበር የሚጫወተው።

ከሁለት ዓመት በፊት የሱቁ የብረት በር ግራ እጁ ላይ ወደቀ። አጥንቱ ገጠመ፤ የቀለበት ጣቱ ግን ጉልበቱ አልተመለሰም። ጊታር የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ክሩን በዚያ ጣት ወደ ላይ ገፍተህ ድምፁን ካላስለቀስከው ዘፈኑ ቃል ብቻ ሆኖ ይቀራል። አስራ አንድ ክር ለዚያች ጣት ድንጋይ ሆነባት። ሙሄ ይህንን ለአንድ ሰው ብቻ ነገረ፤ ለበፍቃዱ። ለሚስቱ ለመርዋ እንኳ «ድኗል» ነው ያላት።

በፍቃዱ ማን ነው ብትሉ፣ ጀሞ ኮንዶሚኒየም የሚኖር፣ መጀመሪያ መድረክ ላይ በኋላም በሱቋ፣ ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ከሙሄ ኋላ ቆሞ ምት ሲመታለት የኖረ ጊታሪስት ነው። ሙሄ በጊታሩ ሲያለቅስ እሱ ሥሩን ይይዝለታል። የሙሄ አባት ያረፉ ቀን መቃብር ድረስ ቃሬዛውን ከተሸከሙት አንዱ በፍቃዱ ነበር። የልብ ወዳጅ የሚባለው ይህ ካልሆነ ማን ሊሆን ነው? በፍቃዱ ሚስጥሩን ሰማ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ «ሆድ ይፍጀው» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሙሄን ጊታር እቤቱ እየወሰደ ዘጠኝ ክር ያስርለት ጀመር። ሙሄም «የጊታሬን አንገት ማንም እንዳይነካብኝ» የሚል አዲስ ሕግ አወጣ።

አንድ አስቸጋሪ ነገር ነበረች። የቅዳሜዎቹ ሰዎች ልማድ አላቸው፦ አዲስ ጊታር የመጣለት ሰው መጀመሪያ አይጫወትበትም። ታላቁ ይመርቅለታል፤ ታላቁ ማለት ሙሄ ነው። ደግነቱ አዲስ ጊታር አብዛኛውን ጊዜ ከፋብሪካው ዘጠኝ ታስሮለት ነው የሚመጣው። ሙሄ ይቀበላል፣ ክሩን በጣቱ ጫፍ ይነካካና «ይኼ ደግሞ ክር ነው ፀጉር?» ብሎ ያላግጣል። ከዚያ በዚያው ባላገጠበት ክር አሳምሮ ይጫወታል። ያጨበጭቡለታል። በመንገድ የሚያልፍ ሰው ሳይቀር ቆሞ ያዳምጣል።

እንዲህ እያለ የዘንድሮው ክረምት ወጣና ብስራተ ገብርኤል አካባቢ አዲስ ሆቴል ተከፈተ። ባንዱን የሚያዋቅረው ኖላዊ የሚባል ኪቦርድ ተጫዋች ነው። መሪ ጊታር የሚመታ ሰው ይፈልጋል፤ በሳምንት አራት ቀን፣ የድሮ ዘፈን የሚችል። ሙሄ ወሬውን ሲሰማ ሁለት ቀን ምግብ አልበላ አለው። መድረክ ከለቀቀ አስራ አንድ ዓመት ሆኖታል። የሰው ቴሌቪዥን ሆድ ውስጥ አቧራ ሲጠርግ ማርጀት አልፈለገም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከመሞቱ በፊት፣ ስሙ ተጠርቶ መብራት ሥር መቆም ፈለገ። ኖላዊ ደውሎ «ጋሽ ሙሄ፣ ቅዳሜ ሱቅህ መጥቼ ልስማህ» ሲለው ስልኩን ዘግቶ ብቻውን ሳቀ።

በዚያው ሳምንት የሀና ወንድም ከዱባይ አዲስ ጊታር ላከላት፤ ደም የመሰለ ቀይ፣ አንገቱ ማር የመሰለ። በፍቃዱ ሊያስተካክልላት ሐሙስ ዕለት ወደ ጀሞ ወሰደው። ሙሄ ደወለለት።

«ክሩን እንዳትነካው። የመጣበት ዘጠኝ እንዳለ ይሁን።»

«ምን ነካህ፣ እኔ መቼ ጠፍቶኝ?» አለው በፍቃዱ።

ቅዳሜ ደረሰ። ሱቋ ጢም ብላለች። ለታ አለ፣ ሀና አለች፣ በፍቃዱ አምፕሊፋየሩ አጠገብ ገመድ ያስተካክላል። ኖላዊ ነጭ ጫማ አድርጎ መጥቶ አንዲቷ ደህና ወንበር ላይ ተቀምጧል። ሰላምታ፣ ስለ ሆቴሉ፣ ስለ መንገዱ መዘጋጋት ጥቂት ተወራ። ለታ አዲሱን ጊታር አይቶ «እስቲ ጋሽ ሙሄ መርቅላት» አለ። ሙሄ ደስ አለው። የራሱን ጊታር ከማንሳት ይኸኛው ይሻላል፤ አዲስ ነው፣ ያምራል፣ ክሩ ዘጠኝ ነው። ታጠቀው።

«ይኼ ደግሞ ክር ነው ፀጉር?» ሊል አፉን ከፈተ። ጣቱ ክሩን ነካ፤ ቃሉ አፉ ውስጥ ቀረ።

ወፍራም ነው። ሙሄ ክርን ዓይኑን ጨፍኖ የሚለይ ሰው ነው፤ አስራ አንድ መሆኑን ለማወቅ አንድ ጊዜ መንካት በቃው። ምን ያድርግ? ኖላዊ ጉልበቱ ላይ እጁን አድርጎ ይጠብቃል። ጀመረ። በባቲ ገባ፤ የመጀመሪያዋን ሐረግ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ጣቶች እያመቻመቸ አለፋት። ሰዉ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ማልቀሻዋ ቦታ መጣች፤ እዚያች ቦታ ላይ ጣት ሳይገፋ ማለፍ አይቻልም። በቀለበት ጣቱ ክሩን ገፋው። ክሩ አልሄደም። ድምፁ ግማሽ መንገድ ላይ ደርሶ ተንጠለጠለ፣ ከዚያ ወደቀ። ደግሞ ሞከረ፤ የባሰ ሆነ። በሦስተኛው ሙከራ ጣቱ ከክሩ ላይ ተንሸራቶ አምፕሊፋየሩ ጮኸ። ሙሄ እጁን አነሳ። ጀርባው በላብ ርሷል።

«ሀና፣ ክሩን ማን ነው የቀየረው?» አለ።

ሀና ደነገጠች። «ጋሽ በፍቃዱ ነዋ። አስራ አንድ ይሁን ብለሃል አለኝ።»

ሙሄ በፍቃዱን አየው። በፍቃዱ ገመዱን ያያል። ሃያ አራት ዓመት የሚያውቀው ፊት ነው፤ ደህና አድርጎ ያነበዋል። ስህተት አልነበረም። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይባላል፤ ሙሄ ይህን ተረት ለሌላ ሰው ስንት ጊዜ ተርቷል። ከንዴቱ ብዛት ድፍረት መጣለት። በቃ፣ ራሴው እናገራለሁ አለ በልቡ፤ ሰው ከሚያጋልጠኝ ራሴው ልጋለጥ።

«ስሙኝ» አለ። «ይቺ ጣቴ ሞታለች። ሁለት ዓመቷ ነው። እናንተን አስራ አንድ አስራ አንድ እያልኩ ሳደነቁር እኔ በዘጠኝ ነበር የምጫወተው። ለታ፣ ስስቅብህ የነበረው አንተው በምትጠቀመው ክር እየተጫወትኩ ነው። ሀና፣ ጣትሽን ያስላጥኩት እኔ ነኝ። ይቅር በሉኝ።»

እንዲህ ብሎ የሚመጣውን ጠበቀ። አንዱ ይቆጣል፣ አንዱ ይስቃል፣ ለታ «ጋሽ ሙሄ፣ እንዲህ ነህ?» ብሎ ይበቀለኛል ብሎ አስቦ ነበር። ሁሉም ግን ወለሉን ነው ያየው። ሁኔታቸው የደነገጠ ሰው አልነበረም፤ ያፈረ ሰው ነበር።

ሀና ናት ቀስ ብላ የተናገረችው። «ጋሽ ሙሄ፣ እናውቃለን እኮ።»

«ምን?»

«ጣቴ የተላጠ ጊዜ ጋሽ በፍቃዱ አዝኖልኝ ነገረኝ። እሱ ራሱ በዘጠኝ ነው የሚጫወተው፣ አንቺ ለምን ትሰቃያለሽ አለኝ። ለለታም ነግሮታል። ዓመት አልፎታል። ዛሬ አስራ አንድ ይሁን ሲባል የተሻለህ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ዓመት ሙሉ! በየቅዳሜው ስለ ሽሮና በርበሬ ሲሰብክ፣ ፀጉር ነው ብሎ ሲያላግጥ፣ እነዚህ ልጆች እያወቁ አንገታቸውን ደፍተው ሲስቁለት ነበር። ሙሄ ጆሮው ድረስ ጋለ። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አለ።

ኖላዊ ከወንበሩ ተነሳ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ድምፁም ዝቅ ብሎ ነበር። «እውነቱን ለመናገር ጋሽ በፍቃዱ ጣቱ አይሠራም ሲለኝ አላመንኩም ነበር። ራሴ ልስማ ብዬ ነው የመጣሁት» አለ።

«በራሴ ጊታር ልጫወትልህ» አለ ሙሄ። ለመነ ማለት ይሻላል። «በዘጠኝ እችለዋለሁ። አምስት ደቂቃ ስጠኝ።»

ኖላዊ ሰዓቱን አየ። «ሌላ ጊዜ፣ ጋሽ ሙሄ» ብሎ ትከሻውን መታ አደረገው። በሩ ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ በፍቃዱን «ሰኞ ልምምድ እንዳትቀር» አለው፤ ወጣ። ለታና ሀናም ጊታራቸውን አቅፈው ቻው እንኳ በቅጡ ሳይሉ ሄዱ።

ሁለቱ ቀሩ። በፍቃዱ ገመዱን ይጠቀልላል፣ የተጠቀለለውን ይፈታና ደግሞ ይጠቀልላል።

«ሃያ አራት ዓመት ካንተ ኋላ ቆምኩ» አለ በመጨረሻ። «ስምህ ሲጠራ እኔ ገመድ ሳነሳ። አንድ ጊዜ ከፊት ልቁም ብዬ ነው።»

«ብትለኝ እኮ…»

«ብልህ ትስቅብኝ ነበር።»

እውነት ነው፣ ሙሄ ይስቅበት ነበር። ግን ይህ አላበረደውም። ሥራው ይሂድ፤ ሆቴሉም ይቅር። ውስጡን የሚበላው ሌላ ነው። ከበሩ አደጋ ወዲህ የተጫወተውን ሁሉ፣ የተጨበጨበለትን ሁሉ አሰበ። በዘጠኝም ቢሆን ያለቀሰ መስሎት ነበር። በዚያች በደከመች ጣት ከወጣትነቱም የተሻለ የተጫወተባቸው ቀኖች ያሉ መስሎት ነበር። ያ ሁሉ ጭብጨባ ለሙዚቃው ነበር ወይስ ለታመመ ሰው የሚሰጥ አይዞህ?

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለው። «ውሸት እንዳትነግረኝ። ባለፈው ዓመት የተጫወትኩት… ጥሩ ነበር?»

በፍቃዱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየው። «በጣም ጥሩ ነበር» አለ። «እመነኝ፣ ሙሄ።»

ከልቡ ይመስል ነበር። ሙሄ ዕድሜውን ሙሉ ስለ አጨዋወቱ የሚያምነው የአንድ ሰው ጆሮ ብቻ ነበር፤ የበፍቃዱን። አሁን ይህንን ጥያቄ ሌላ ማንን እንደሚጠይቅ አሰበ፣ ማንም አልመጣለትም። በፍቃዱ የራሱን ጊታር ተሸክሞ ወደ ጀሞ ታክሲ ሲሻገር ሙሄ ቆሞ አየው፤ ከዚያ ሱቁን ዘጋ።