የጋሽ ሰይድ ርግቦች

ሰሞኑን ፊት ለፊታችን ቤት የሚያሠራው ጎረቤት እብነ በረድ ያስቆርጣል፤ ውሃ የነካው የድንጋይ ብናኝ ሽታ በመስኮት በገባ ቁጥር የያዝኩትን ሥራ ጥዬ እነሳለሁ፤ ከክፍል ክፍል ስዞር ቆይቼ ለምን እንደተነሣሁ ጠፍቶኝ ተመልሼ እቀመጣለሁ። ልጅ ሆኜ የኖርኩባት የየመኗ ኤደን ሽታ ነው።

ክሬተር በሚባለው የኤደን ሰፈር ውስጥ፣ ጥቁሩ ተራራ በተጫነው ጠባብ ግቢ፣ እኔና እናቴ ዘይነባ በአንዱ ክፍል፣ ያገራችን የወሎ ሰው ጋሽ ሰይድ በሌላው እንኖር ነበር። እናቴ አሽ-ሸዕብ የሚባል ሰፈር ሰው ቤት ትሠራለች። ጋሽ ሰይድ ደግሞ ድንጋይ የሚቆረጥበት ወርሻ ሲሠራ ውሎ ሲመጣ ቁርጥራጭ እብነ በረድ በጨርቅ ቋጥሮ ይዞ ይገባና ቧንቧው ሥር ቁጢጥ ብሎ ዓሣ፣ ዋልያ፣ ርግብ ይቀርጽበታል። በብርጭቆ ወረቀትና በውሃ ሲያሸው፣ ሲያሸው አምሽቶ ድንጋዩ እንደ እርጥብ ሳሙና መብለጭለጭ ሲጀምር ጉንጬን እለጥፍበት ነበር፤ በዚያ ሙቀት ግቢው ውስጥ ሌላ ቀዝቃዛ ነገር አልነበረማ። አንድ ቀን ጎረቤታችን ሸኽ፣ ነፍስ ያለውን ነገር መቅረጽ ሐራም ነው ብለው ቢገሥጹት፣ «ሐዲር ያ ሸኽ፣ እሺ» አለና የዓሣውን ዓይን ሳይቀርጽ ተወው። ሸኹ ዘወር ሲሉ፣ «ዕውር ነው፤ የት ይሄዳል ብለው ነው?» አለኝ።

አባቴ ከሳዑዲ የእናቴን የፍቺ ወረቀት ከላከ ዓመት አልፎት ነበር። እኔ ግን በዘጠኝ ዓመቴ ወረቀት አላምንም፤ ሚኒባስ በቆመ ቁጥር እሱ የወረደ እየመሰለኝ ወደ በር እሮጣለሁ።

አንድ ጁምዓ ከሰላት መልስ ጋሽ ሰይድ ከአንድ ድንጋይ የወጡ፣ አፍ ለአፍ የገጠሙ ሁለት ርግቦች እናቴ ፊት አስቀመጠ።

«ዘይነባ፣ እኔ ንግግር አላውቅም። ከፈቀድሽ ኒካሕ እንሰር። ልጅቷም ልጄ ናት።»

እናቴ አፏን በሻሿ ሸፈነች። «እስቲ ሦስት ቀን ስጠኝ» አለችው።

በእነዚያ ቀናት ልብስ ስታጥብ ስታንጎራጉር ሰማኋት፤ ከዚያ በፊት ስታንጎራጉር ሰምቻት አላውቅም። ጭንቅ ያዘኝ። ካገባች አባቴ ሲመጣ ማን ይቀበለዋል? በሦስተኛው ጧት ፀጉሬን ስታበጥረኝ፣ «ጋሽ ሰይድ አገር ቤት ሚስት አለችው። እየጠበቀችኝ ነው ብሎ ነግሮኛል» አልኳት።

ማበጠሪያው ፀጉሬ ላይ ቆመ።

«ወላሂ በዪ።»

«ወላሂ።»

እሱን አልጠየቀችውም። ባል ጠብቃ የምትቀር ሴት ምን እንደሚደርስባት ከማንም በላይ ታውቃለች። ርግቦቹን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ፣ «ይቅር በለኝ ሰይድ፣ አይሆንም» ብላ መለሰችለት። ለምን አላለም። ሳምንቱን ሙሉ ግን እነዚያኑ ተሠርተው ያለቁ ርግቦች ሲያሽ፣ ሲያሽ ሰነበተ፤ በመጨረሻ አፎቻቸው አልቀው ተለያዩ።

በወሩ ወደ አገራችን ገባን። ሻንጣችንን እስከ ወደቡ ተሸክሞ ሸኘን፤ «አላህ ያድርሳችሁ» አለን። አባቴ አልመጣም። ጋሽ ሰይድ ይኑር ይሙት አላውቅም። እናቴ ደግሞ ሌላ ሰው አላገባች፣ አንድ ቦታም አልረጋች፤ ኮምቦልቻ ውስጥ ስንት ቤት እንደቀየርን ረስቼዋለሁ።

አሁን አርጅታለች። ሰግዳ ስታበቃ ለሙታን፣ ለስደተኞች፣ ለጎረቤት ሁሉ ዱዓ ታደርግና በመጨረሻ እጇን ሳታወርድ፣ «ያቺን የሰይድን ሚስት አደራ ያ ረብ፤ ጠብቃ ጠብቃ ባዶዋን እንዳትቀር» ትላለች።

እውነቱን ልነግራት አፌን እከፍታለሁ። ዘወር ብላ ታየኛለች።

«አሚን» እላለሁ።